ማገዶውንስ ማን ተሸከመው?

(ከቁስቋም ግንብ እስከ ጓዳችን)

ስለ ጎንደር ሲወራ የሁላችንም አሳብ በቀጥታ ወደ ግንቡ ይሮጣል። አፄ ፋሲለደስ በ1636 ከተማውን ቆረቆሩ፤ ታላቁ ኢያሱ ይህን አሠሩ፤ በካፋ ያን ጨመሩ፤ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብለው ቁስቋምን ሠሩ እያልን እንቆጥራለን። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።) ድንጋዩን ማን ጠረበው፣ ኖራውን ማን አቦካው ብሎ መጠየቅም ዛሬ ዛሬ ተለምዷል። ደግ ነው። እኛ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ልናነሣ ነው። ጥያቄው የጓዳ ጥያቄ በመሆኑ ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። በዚያ ግንብ ውስጥ ለተበላው እንጀራ ማገዶው ከየት መጣ? ማንስ ተሸከመው?

ፈገግታው ሲያልፍ የጥያቄው ክብደት ይታያል። ግንብ አንዴ ይሠራል፤ ምድጃ ግን በየቀኑ ይነዳል። የአንድ አገር ደን ያለቀው በጦርነትና በመጥረቢያ ብቻ አይደለም፤ ትንሽ በትንሽ፣ በሦስት ጉልቻ መካከል ነው።

በአሁኑ ጊዜ «አካባቢን የማይጎዳ ኑሮ»፣ «አረንጓዴ ቤት» የሚባል ነገር በየስብሰባው ይሰበካል። ስብከቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በእናቶቻችን ጆሮ ላይ ነው፦ እንጨት ቀንሺ፣ ከሰል ተዪ፣ ኩበት አታንድጂ። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ተናጋሪ ግን ቤቱ ሲገባ እንጀራው ተጋግሮ፣ ወጡ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። ይህ ጽሑፍ ሊል የሚፈልገው አንድ ነገር ነው። የጓዳ ቁጠባ ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ ጓዳችን ዱሮም ቆጣቢ ነበር። ሳይቆጥብ የኖረው የማገዶውን ዋጋ ሳይከፍል የሚበላው ወገን ነው። ስለዚህ ምርጫውም ሸክሙም የሴቷ ብቻ ሆኖ እስከ ቀረ ድረስ ዛፉም አይተርፍም፣ እሷም አታርፍም።

1. ከተማ ሲዞርና ከተማ ሲተከል

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን ያሳለፉት በድንኳን ከተማ ነው። ንጉሡ ሲነሣ ሠራዊቱ ይነሣል፤ ሠራዊቱ ሲነሣ ካህኑ፣ ዳኛው፣ ነጋዴው፣ እንጀራ ጋጋሪዋና ጠጅ ጣይዋ ይነሣሉ። የመዘዋወሩ ምክንያት አንድ ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትም አለበት፣ ግብር መሰብሰብም አለበት። ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንዳመለከቱት አንደኛው ምክንያት የጓዳ ጉዳይ ነበር። በአንድ ሥፍራ የሰፈረ ብዙ ሺህ ሰው በዙሪያው ያለውን እህልና እንጨት ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ ወይ መራብ ነው፣ ወይ ድንኳን ነቅሎ መሄድ ነው።

ይህን የምንለው ዟሪውን ቤተ መንግሥት ለማመስገን አይደለም። ሠፈሩ ያረፈበት አገር ገበሬ ምን እንደ ቀረለት ለመገመት አያስቸግርም። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ያኔ ከተማው ይሄድ ነበር፤ ዛፉ ይቀመጥ ነበር። ጎንደር ስትቆረቆር ነገሩ ተገለበጠ። ከተማው ተቀመጠ፤ ዛፉ መሄድ ጀመረ። በማን እግር? በአህያና በሴት እግር።

ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው ጎንደር የገባው በ1770 ነው። ከተማዋ በሰላም ጊዜ ወደ 10,000 አባወራ እንደምትይዝ ጽፏል። ቁጥሩ ግምት ቢሆንም ለማሰላሰያ ይበቃናል። እስቲ እናስላው። አንድ ቤት በቀን 5 ኪሎ እንጨት ብቻ ያነዳል እንበል፤ ይህ ለእንጀራ አገር ብዙ አይባልም። 10,000 ቤት በቀን 50,000 ኪሎ ያነዳል ማለት ነው። አንድ አህያ 50 ኪሎ ትሸከማለች ብንል በየማለዳው 1,000 አህያ እንጨት ጭኖ ከተማ መግባት አለበት። በዓል ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ጾም ቢሆን፣ በየማለዳው! ይህም ጠላው ሲጠመቅ፣ አረቄው ሲወጣ፣ ሸክላው ሲተኮስ የሚነደው ሳይቆጠር ነው። አህያ የሌለው ቤትስ? አህያ በሌለበት ቤት የጫነችው ማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን።

ግንቡም ራሱ ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። ድንጋይን ከድንጋይ ያያያዘው ኖራ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ተቃጥሎ ነው። ስለዚህ ዛሬ ቱሪስት ፎቶግራፍ የሚያነሣው ግድግዳ ውስጥ የነደደ ደን አለ ብንል ማጋነን አይሆንም። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቹ ማን ዘመተ፣ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ ብለው መዝግበዋል። ማገዶ ግን ሲገኝ አይታይም፤ የሚታየው ሲታጣ ነው። የጓዳ ታሪክ ሁሉ እንዲሁ ነው።

2. ቁስቋም፦ መስኮት ያለው እልፍኝ

ቁስቋም ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከቀሃ ወንዝ ከፍ ብሎ የሚታየው ደብር ነው። ስሙ የመጣው ቅድስት ማርያም ልጇን ይዛ በተሰደደች ጊዜ ካረፈችበት ከግብጹ ቁስቋም ነው፤ ደብሩ ደብረ ፀሐይም ይባላል። የቋራዋ ተወላጅ እቴጌ ምንትዋብ ባላቸው አፄ በካፋ በ1730 ካረፉ በኋላ፣ በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ፣ ኋላም በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመን አገሩን ሲመሩ ቤተ ክርስቲያኑንና መኖሪያቸውን ያሠሩት እዚህ ነው። በ1773 ሲያርፉም ማረፊያቸው እዚሁ ሆነ።

ብሩስ ቁስቋም የገባው በሐኪምነት ነው። በእቴጌዪቱ ቤት ያሉ ልጆች ፈንጣጣ ይዟቸው ነበር። መጀመሪያ ያደረገውን ራሱ ሲተርክ፣ በሩንና መስኮቱን ሁሉ አስከፈትሁ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጠንሁ፣ በሙቅ ውኃና በሆምጣጤ አሳጠብሁ ይላል። ስለ ሕክምናው ብዙ ማለት ይቻላል። እኛን የያዘን ግን መስኮቱ ነው። እልፍኙ ሲፈለግ የሚከፈት፣ ንጹሕ አየር የሚያስገባ መስኮት ነበረው።

የተራው ሰው ቤትስ? እሱው ብሩስ እንደሚለው የጎንደር ቤት በአመዛኙ የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑም ሾጣጣ ሣር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ጭስ መውጫ የለውም። በበሩ ይወጣል፣ በክዳኑ እየተጣራ ይወጣል፣ የቀረው እዚያው ይውላል። ጭስ ጥቅም የለውም አንልም፤ ክዳኑን ከነቀዝና ከእርጥበት ይጠብቃል። ዓይንና ሳንባን ግን አይጠብቅም። እንጀራ የምትጋግር ሴት ከምጣዱ ሥር እሳቱን እየቆሰቆሰች፣ ፊቷን እያዞረች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ትውላለች። ይህ ከምንትዋብ ዘመን የቀረ ሥዕል ቢሆን ምንኛ በታደልን! የዓለም ጤና ድርጅት በሰጠው ግምት በ2020 በዓለም ላይ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። አብዛኛው እንጨት፣ ከሰልና ኩበት በሚያነዱ ድኾች ቤት ነው። መስኮት የቤተ መንግሥት ነገር ሆኖ የቀረው ለምን ይሆን? ግድግዳ መብሳት ወርቅ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጭሱ ለሚያነደው አባወራ እንዲታየው ነው፤ እሱ ግን ጭሱ ሲያልቅ ነው ለምሳ የሚገባው።

3. ጓዳው ያውቀው የነበረው

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። ገብተን ስናይ ሰባኪዎቻችን እንደሚሉት የብክነት ቤት ሆኖ አናገኘውም።

ሽሮን እንውሰድ። አተር ወይም ሽንብራ እንዳለ ቢቀቀል ስንት ሰዓት እሳት ይፈጃል? እናቶቻችን ግን አንዴ ቆልተው፣ ከክተው፣ ፈጭተው፣ ቀምመው ያስቀምጡታል። ከዚያ ወዲያ ትንሽ እሳት ይበቃዋል፤ ውኃው ሲፈላ ዱቄቱ ይገባል፣ ተንተክትኮ ይወጣል። ሽሮ የድኻ ወጥ ነው እያልን እናፌዝበታለን እንጂ ማገዶ ለመቆጠብ የተገኘ ትልቅ ብልሃት ነው።

እንጀራም እንዲሁ ነው። ሰፊው ሸክላ ምጣድ እስኪግል ብዙ እንጨት ይበላል፤ ከጋለ በኋላ ግን እያንዳንዱ እንጀራ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በየቀኑ አይጋገርም፤ የሁለትና የሦስት ቀን ባንድ ጊዜ ይጋገራል። ምጣዱ እንደ ጋለ የጎረቤት ሊጥም ይከተላል። የተረፈው ይፈረፈራል፣ ከዚያም የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። የጠላው አተላ ለከብቱ ይሄዳል፤ አመዱ ለጓሮው ጎመን ይሄዳል። ማታ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፣ ጧት ይገለጣል። ያልቀናት ደግሞ ገል ይዛ ከጎረቤት እሳት ትጭራለች። የጋን ማጠቢያው ግራዋ፣ የወተት ዕቃው ማጠኛ ወይራ ነው። እስቲ ከዚህ ቤት ውስጥ የሚጣለው ነገር ምንድነው? ምንም ለማለት ይቃጣናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ እንዶድ ነው። ሳሙና ሳይለመድ የሸማችን ማጠቢያ የእንዶድ ፍሬ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ከዚህ ትዝብት የተነሣው ምርምር በዓለም ታወቀ፤ በ1989ም አክሊሉ ለማና የምርምር ጓደኛቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የዩኒቨርሲቲ ሰው ወንዝ ወርዶ የእናቶችን ሥራ በአክብሮት ስላየ ሳይንስ ተገኘ። ስንቶቻችን እንዲህ አድርገን እናያለን? ይሁን እንጂ እንዶድ ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም ይገድላል። አገር በቀል የሆነ ነገር ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ አጠቃቀሙን ማወቅ ያስፈልጋል።

ምጣዱን፣ ድስቱንና እንስራውን ማን ሠራው? ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሲሠሩ ኖረዋል። ወንዶቻቸው አንጥረኞችና ግንበኞች ነበሩ። ከተማው በእጃቸው ሥራ በላ፣ ጠጣ። ምስጋናው ግን «ቡዳ» የሚል ስም ነበር። አብዛኞቹ በ1984-85 እና በ1991 ወደ እስራኤል ሄዱ። ምድጃችን ላይ የተጣደው ነገር ሁሉ በምንንቀው እጅ የተሠራ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

እንግዲህ ቁጠባው እዚያው ነበር ስንል ዱሮ ሁሉ ደግ ነበር ማለታችን አይደለም። ቁጠባው ከችግር የተወለደ ነው፤ ሽሮውን የፈጨው የሰው ጉልበት ነው። ወፍጮ ላይ ተደፍታ ያደረች ሴት የእንጨቱን ወጪ በላቧ ከፍላለች። «ተፈጥሯዊ ኑሮ» እያልን የምናደንቀው ነገር የማን ወገብ እንዳጎበጠ ሳንጠይቅ ብናደንቀው ታሪክ አልጻፍንም፣ ተረት አወራን።

4. ባሕር ዛፍ

ጎንደር በ1866 በአፄ ቴዎድሮስ ተዘረፈች፤ በ1888 ደርቡሽ ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፤ ቁስቋምም ከተቃጠሉት አንዷ ናት። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ሸዋ ሄደ። የማገዶው ጥያቄም አብሮ ሄደ።

ዘራቸው ከሰሜንና ከበጌምድር የሚመዘዘው እቴጌ ጣይቱ በ1886 ከእንጦጦ ግርጌ አዲስ አበባን መረጡ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ በአካባቢው ያለው ጥድና ወይራ ተመናመነ። እንጨት ሩቅ ሆነ። አፄ ምኒልክ እንደ ጥንቱ ነቅለው ለመሄድ አሰቡ፤ በ1900 ገደማ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ ከተማ ማሠራት ጀመሩ። አዲስ አበባን ከመነቀል ካዳኗት ነገሮች ዋነኛው በ1890ዎቹ የገባው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ መጣና ባሕር ዛፍ ተባለ። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከተማው ባለበት ቀረ፤ አዲስ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሆነች።

በባሕር ዛፍ ላይ የሚሰማው ክስ ብዙ ነው። ውኃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሣር አያበቅልም፣ አገር በቀሉን ዛፍ ያጠፋል ይባላል። ክሱ እውነትነት አለው። ነገር ግን ባሕር ዛፉ ባይኖር የትኛው ወይራ፣ የትኛው ጽድ ይተርፍ ነበር? ዛሬ በጎንደር ደጋ ብዙ ገበሬ ባሕር ዛፍ የሚተክለው ዛፍ ስለሚወድ አይደለም። ለልጁ ትምህርት፣ ለቤቱ ማዋቀሪያ፣ ለክፉ ቀን ብር ስለሚሆነው ነው። ባንኩ ነው። «ንቀለው» ከማለታችን በፊት በምን እንተካለት የሚለውን መመለስ አለብን።

ከሁሉ በላይ ግን ባሕር ዛፍ ያልመለሰው ጥያቄ አለ። ዛፉ ተገኘ፤ ተሸካሚዋ ግን አልተለወጠችም። ከእንጦጦ ቁልቁል ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለመቶ ዓመት ያህል የአዲስ አበባ መልክ ሆነው ኖረዋል። ዛፍ መትከል ብቻውን ፍርድ አያመጣም።

5. ኩበቱ፣ ደለሉና እንስራው

ወደ ጎንደር ደጋ እንመለስ። እንጨት ሲርቅ የሚቀርበው ኩበት ነው። ከወገራ እስከ ዳባት ድረስ በበጋ የሚያልፍ መንገደኛ በየቤቱ ደጅ ተከምሮ የሚያየው ነው። ኩበት ማንደድ ምን ክፋት አለው? ክፋቱ ወዲያው አይታይም። እበት ማሳው ላይ ቢውል አፈሩን ያደልባል፤ ምድጃ ውስጥ ቢገባ አመድ ይሆናል። የዛሬው ራት የከርሞን እህል በላ ማለት ነው። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ከማንም በላይ ያውቃል። ለማሳው ሲል ሊጡን ጥሬውን አይበላም እንጂ!

ሁለተኛው ነገር ውኃ ነው። የጎንደር ከተማ ውኃ ከሚያገኝባቸው አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው። ግድቡ በደለል እየተሞላ ዕድሜው ማጠሩን ያጠኑት ሰዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ደለሉ ከየት መጣ? ከተራቆተውና ያለ ዕረፍት ከሚታረሰው ተዳፋት ነው። ያ ተዳፋት ከተራቆተባቸው ምክንያቶች አንዱ ምድጃችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ከምድጃው የገባው እንጨት ነገ ከእንስራው ውኃ ይቀንሳል። ቧንቧው ሲደርቅ ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈውም ያችው እንጨት የተሸከመችው ናት። አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ትከፍላለች።

ሦስተኛው የሰሜን ተራራ ነው። ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ለመውጣቱ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ መዛወራቸው ነው። ዋልያው መተረፉን እንወዳለን። ግን በብርድ ደጋ የሚኖር ሰው አስታ ቆርጦ ባይሞቅ በምን ይሞቅ ነበር? መጤው ቱሪስት በሎጁ ውስጥ ሲሞቅ ማንም አልከሰሰውም። ጥበቃ ማለት ከድኻው ምድጃ ላይ እሳት መውሰድ ብቻ ከሆነ ድኻው ጥበቃን ጠላቱ አድርጎ ያየዋል፤ ሊፈረድበትም አይገባም።

6. ምርጥ፣ ላቀችና በሰማይ ያለችው ላም

ታዲያ ምን ተሠራ? አንዳንድ ነገር ተሠርቷል፤ መናገር ይገባናል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን የኤነርጂ ባለሙያዎች ሁለት ምድጃ አወጡ። አንዱ ለእንጀራ የሚሆነው «ምርጥ» ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀይ አሸዋ ድንጋይ በክፍል በክፍል ተሠርቶ ይገጠማል፤ እሳቱን ከቦ ስለሚይዘው ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ሁለተኛው «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ነው። ከኬንያው ምድጃ ተወስዶ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ በመሆኑ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። ስማቸውን ልብ ይሏል! ሁለቱም ብልጫ ማለት ናቸው፤ ስም ያወጣላቸው ሰው ገበያ ያውቃል።

ከባለሙያ ውጭ የሆነ ምሳሌም አለን። በደቡብ ጎንደር ከወረታ አቅራቢያ ያለው በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ እሳቱ ዙሪያውን የተዘጋ፣ ጭሱ በማስወጫ ከቤት የሚወጣ የጭቃ ምድጃ በገዛ እጁ ይሠራል። የተለየ የፋብሪካ ዕቃ አይጠይቅም። እዚያ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። እኛ እንደሚመስለን ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ወንዱ ምጣድ ሥር በተቀመጠበት ቤት ጭሱን ማስወጣት የሁሉም ጉዳይ ሆነ። ብሩስ በቁስቋም መስኮት ያስከፈተው ጌቶች ቤት በሽታ ስለ ገባ ነው፤ አውራ አምባ ግን መስኮቱን ለጓዳው ከፈተ።

በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ የኩበቱን እንቆቅልሽ ለመፍታት የታሰበ ነው። እበቱ ጉድጓድ ገብቶ ጋዙን ለእሳት ይሰጣል፣ ዝቃጩ ለማሳ ይቀራል። አሳቡ እጅግ ጥሩ ነው። ነገር ግን ከብት ለሌለው አይሆንም፣ ውኃ ለራቀበት አይሆንም። ለሰፊው ምጣድ የሚበቃ እሳት መስጠትም ቸግሮት ቆይቷል። ወጥ ሲሠራ እንጀራው ቀረ፤ ከማገዶው ብዙውን የሚበላ ደግሞ እንጀራው ነው።

ኤሌክትሪክስ? ሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቋል፤ ኩራታችን ነው። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። መስመር ላልደረሰው፣ ምጣድ መግዣ ለሌለው፣ መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ቤት ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከተማ ሰው እንኳ ኤሌክትሪክ ምጣዱን ይዞ ከሰሉን ከደጅ አያጠፋም፤ ስለማይተማመን ነው። «ከሰል አታንድዱ» የሚለው መፈክር የመብራት መስመርንና የምጣድን ዋጋ ቀድሞ የሚወጣ ከሆነ መፈክር ሆኖ ይቀራል።

ጎረቤታችን ኬንያ ላይ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 የአረንጓዴ መቀነት ንቅናቄን ሲጀምሩ የተነሡት የገጠር ሴቶች እንጨት ራቀን፣ ውኃ ራቀን ሲሉ ሰምተው ነው። ሴቶቹ ችግኝ አፈሉ፣ ለጸደቀውም ጥቂት ገንዘብ ተከፈላቸው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኙ። የምንማረው አለ። እሳቸው ለሴቶቹ ትምህርት አልሰጡም፤ ቀድመው ጠየቁ፣ ኋላም ለድካማቸው ከፈሉ።

7. የእኛ ድርሻ

እንግዲህ አንባቢ ጓደኞቻችን፣ ነገሩን ወደ ራሳችን እናምጣው። እኛ ተማሪዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሠላሳ ገጽ መጻፍ እንችላለን። ከየቤታችን ለዩኒቨርሲቲ የተላከው በሶና ድርቆሽ በስንት ኪሎ እንጨት እንደ ተዘጋጀ ግን ጠይቀን አናውቅም። ወንዶቻችን በተለይ ምጣድ እንዴት እንደሚሰማ፣ እሳት እንዴት እንደሚዳፈን አናውቅም። የማናውቀውን ነገር ልናሻሽል መነሣታችን ያስገርማል።

ታሪኩ የሚያሳየን ግልጽ ነው። ጎንደር ከተቀመጠችበት ቀን ጀምሮ የከተማው መቀመጥ በሌላ ሰው መሄድ የተገዛ ነው። ምሁሩ ይቀመጣል፣ ሹሙ ይቀመጣል፣ ተማሪው ይቀመጣል፤ ማገዶው ይመጣል። ለአረንጓዴ ጓዳ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ነገር ይህን ሒሳብ ማወራረድ ነው። ምድጃ ሲሻሻል ዋጋውን ማን ይክፈል? የመንደሩ ችግኝ ሲጸድቅ ማን ይቁረጠው? ቤት ሲሠራ መስኮቱ በየት በኩል ይውጣ? ሴቷ በዚህ ሁሉ ድምፅ አላትን? እነዚህ የባለሙያ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም፤ የየቤቱ ጥያቄዎች ናቸው፣ ከየቤታችን የሚጀመሩ።

ስለዚህ ለአንባቢ የምናቀርበው አሳብ ትንሽ ነው። በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ አንድ ሳምንት ሙሉ የቤታችንን ማገዶ እንመዝን። እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት፣ ቅጠል ለየብቻው ይጻፍ። ከየት መጣ፣ ስንት ሰዓት አስኬደ፣ ማን ተሸከመው፣ ስንት ብር ወጣበት የሚለውም ይጻፍ። በዚያው ሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን እኛው እንሸከመው፤ ቢያንስ አንድ ቀን እኛው ምጣድ ሥር እንቀመጥ። ምክር ለመስጠት ሳይሆን ለመጠየቅ እንሂድ። እናቶቻችን ምን ቢለወጥላቸው ይወዳሉ? መጀመሪያ ምድጃ ይሉ ይሆን፣ ወይስ መስኮት፣ ወይስ ወፍጮ፣ ወይስ ውኃ?

የተመዘነውንና የተሰማውን ይዘን ስንመለስ ለዚህ መጽሔት እንስጥ። ከወገራ የመጣው፣ ከቋራ የመጣው፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ጎን ለጎን ይታተም። የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል ተጽፎላቸዋል። የምድጃው ዜና መዋዕል ግን ገና አልተጀመረም፤ የመጀመሪያው ገጽ በኪሎ ቢጻፍ አናፍርበትም።